የካርታ ብልሃትና የቤት ገንዘብ
አንድ የቱሉ ዲምቱ አባት፣ ልጃቸው በስልኩ የፖከር ውድድር ብልሃት መማሩ ምን ክፋት እንዳለበት ጠይቀውናል። የሐዋርያት ቀኖና ካህኑንም ምእመኑንም ከቁማር ይከለክላል። ሆኖም ትምህርቱ ሒሳብ የለበትም አንልም። ጥቂቶች ብቻ በሚሸለሙበት ውድድር፣ ሽልማቱ ሲቃረብ የሚታጣው ጠጠር ከሚገኘው ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ዐዋቂው መልካም ካርታ ይዞ ሳለ ይጥለዋል። ነገር ግን ሽልማቱ ከተጫዋቾቹ መግቢያ የተዋጣ ነው፤ አዘጋጁም ድርሻውን አስቀድሞ ያነሣል። እንግዲህ ሁሉም ሊቃውንት ቢሆኑ እንኳ ገንዘባቸው ቢደመር ጐድሎ ይገኛል። ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ «ልጄ ሆይ፣ የተማርኸው ሒሳብ በቤታችንም ይሠራል። የኪራይ ገንዘብ ሲጠፋ የሚያመጣው ኀዘን፣ እጥፍ ሆኖ ቢመለስ ከሚሰጠው ደስታ ይበልጣል። መልካም ካርታ መጣል ከቻልህ፣ ጨዋታውንም መጣል ትችላለህ።»