ፓስፖርት ስናወጣ

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ደላላ ፓስፖርት አይሰጥም።

በመጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀትና የታደሰ መታወቂያ እንያዝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እናንብብ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አንድ ነው ወይ? የልደት ቀኑስ? አንዲት ፊደል ስትለወጥ ሰውም ይለወጣል። «አበበ» የነበረው «አበባ» ይሆናል። ስሕተት ካገኘን ወረቀቱን ወደ ሰጠን መሥሪያ ቤት ሄደን እናሳርም። አለዚያ ከተማ ድረስ የሄድንበት ድካምና ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። ሌላ ሰው ቢሞላልን፣ ከመላኩ በፊት «እስቲ ልየው» እንበል።

በቀጠሮው ቀን ራሳችን እንቀርባለን። ፎቶ እንነሣለን፤ አሻራም እንሰጣለን። እዚህ አሻራ የሚሰጠው ፊደል ያልቆጠረ ብቻ አይደለም። የተማረውም ይሰጣል።

በፓስፖርት ላይ የልደት ዘመን የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው 1987 ወይም 1988 ተብሎ ቢያይ አይደንግጥ።

ስማችንን ማንበብ ችለናል። እንግዲህ አይተን እንፈርም።