ልጆቹን የትም አታስገቧቸው

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ በየታክሲው፣ በየቢሮው፣ በየለቅሶ ቤቱ ሳይቀር አንድ ጥያቄ ይዞራል። «ክረምቱን ልጆቹን የት አስገባሃቸው?» ልብ በሉልኝ፤ «ምን ሊያደርጉ ነው?» አይደለም የሚባለው። «የት አስገባሃቸው?» ነው። ጤፍ ጎተራ ይገባል፣ ብር ባንክ ይገባል፣ ልጅም ክረምት ሲመጣ የሆነ ቦታ መግባት አለበት። «ኧረ የትም፣ ቤት ናቸው» ያለ ወላጅ ወዮለት! ከንፈር ይመጠጥለታል። «ሁለት ወር ሙሉ፣ ዝም ብለው?»

እኔ ዛሬ ጥብቅና የምቆመው ለዚች «ዝም ብለው» ለምትባል ነገር ነው።

እንዳይፈረድብኝ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የክረምት ትምህርት ጠላት አይደለሁም። ቴኳንዶ ልጅን ያጠነክራል፣ ዋና ነፍስ ያድናል፣ ሒሳብ የከበደው ልጅ በክረምት ቢታገዝ ነውር የለበትም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጠዋት ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት ኮምፒውተር፣ ቅዳሜ ደግሞ ፒያኖ ሲደረደር ባዶ ቀን የት አለ? ሰኔ 30ን በጣቱ ሲቆጥር የከረመ ልጅ ሐምሌ በገባ ሳምንት ያንኑ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ሌላ በር ላይ ይሰለፋል። መምህሩ ተቀየረ እንጂ ዕረፍቱ አልመጣም።

እስቲ አብረን እንደምር። ልጅ ትዝታ መያዝ የሚጀምረው ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው እንበል። አሥር ዓመት ካለፈው ደግሞ ጓደኛው ከናንተ ይበልጥበታል (አትከፉ፣ ሁላችንም እንደዚያው ነበርን)። ከ3 ዓመቱ እስከ 10 ዓመቱ ያሉትን ክረምቶች ብትቆጥሩ 8 ናቸው። ስምንት! በቃ። ከዚያ በኋላም ክረምት ይመጣል፣ ዝናቡም ይዘንባል፣ ካጠገባችሁ ጋቢ ውስጥ የሚወሸቅ ልጅ ግን አይኖርም። ሰው መኪናውን ለመለወጥ ስምንት ዓመት ያስባል። ስምንቱን ክረምት ግን «የት ላስገባቸው» እያለ ይጨርሰዋል።

«ባዶ ቀን» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማንም ማንንም «ተነስ፣ ሰርቪስ አመለጠህ!» አይልም። ልጆቹ ጋቢ ተከናንበው ሻይ በዳቦ ይቀምሳሉ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያቺ የምትፈራ ቃል ትመጣለች፤ «ደበረኝ!» አብዛኞቻችን ይህችን ቃል ስንሰማ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ እንሯሯጣለን። ቴሌቪዥን እንከፍታለን፣ ስልካችንን እናቀብላለን፣ ብስኩት እናስመጣለን። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በሉ። ሃያ ደቂቃ ታገሱ። የሳሎኑ ወንበሮች ተደርድረው ሚኒባስ ይሆናሉ። ታላቅየው ሹፌር፣ ታናሽየው ረዳት ይሆንና «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የሞላ!» ማለት ይጀምራል። አሻንጉሊቷ «ወራጅ አለ» ትላለች። መልስ ይጎድላል፣ ጠብ ይነሳል፣ ትራፊክ ፖሊስ (እናት ናት) ትጠራለች፣ ይታረቃሉ። እዚህ ውስጥ ሒሳብ አለ፣ ቋንቋ አለ፣ ድርድር አለ፣ ይቅርታ አለ። ማንም አላስተማራቸውም። ይህ ጨዋታ ግን የሚገኘው «ደበረኝ» የምትባለውን በር ከተሻገሩ በኋላ ነው። በሩን ሁልጊዜ ቀድመን የምንዘጋው እኛ ከሆንን መቼ ይሻገሩታል?

ዝናቡንም ቢሆን ያለ ስሙ ስም ሰጥተነዋል። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ ለኛ ለትልልቆቹ ክረምት ማለት ጭቃ፣ የታክሲ ሰልፍና ያልደረቀ ልብስ ነው። ለልጅ ግን ከዚህ የበለጠ ትርዒት የለም። መብረቅ ብልጭ ሲል በመስኮት እያያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሰከንዱን አብራችሁ ቁጠሩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በየሦስቱ ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ማለት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ «ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው!» ብሎ ሲያውጅ ፊቱን እዩልኝ። ጎኑ ቀጥ ያለ የወተት ዱቄት ጣሳ ደጅ አስቀምጡና ሲያባራ ውሃውን በማስመሪያ ለኩት። 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 10 ሊትር ዘንቧል ማለት ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ የማርያም መቀነት ፍለጋ ማንጋጠጥ አለ፤ አጥር ሥር የበቀለችውን የጅብ ጥላ ሳይነኩ ማየት አለ፤ በጎርፉ ላይ የወረቀት ጀልባ መልቀቅ አለ። (ክዳን የሌለው የቦይ ጉድጓድ እንዳለ አትርሱና እጃቸውን ያዙ።) አደራችሁን ግን ፈተና አታውጡበት! ልጁ ጠይቆ ከመለሳችሁለት ጨዋታ ነው፤ እናንተ ጠይቃችሁ ከቆጣችሁት ግን ያው ትምህርት ቤት ነው።

ማድ ቤቱም አለ። በቆሎ እሸት ከሰል ላይ ሲንጣጣ ዙሪያውን መክበብ፣ ምስር በሰፌድ ዘርግቶ ጠጠር መልቀም፣ የተረፈችውን ሊጥ ጠፍጥፎ የራስን ቂጣ መጋገር… የአራት ዓመት ልጅ ምስር ሲለቅም ከረዳው ይልቅ የበተነው ይበዛል። ይሁን። ቸኩላችሁ ከሆነ ልጅ ማድ ቤት አይግባ። ባዶ ቀን ላይ ግን የት ለመድረስ ነው የምትቸኩሉት?

ተረትም ነበረን። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን የያዙት ነገር እምብዛም አልነበረም። ወንበር፣ ድምፅና ፊት! የዛሬ ወላጅ ግን ተረት የሚባለው ነገር ባለሙያ፣ ካሜራና ሙዚቃ ያስፈልገዋል ብሎ የተስማማ ይመስላል። መብራት የጠፋበትን የክረምት ማታ አስቡት። ሻማ በርቷል፣ ቆሎ ቀርቧል፣ «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ተጀምሯል። ያላወቀው «ሀገር ስጠኝ» ይባላልና ባሕር ዳርን ወይም ድሬዳዋን ይሰጣል። (አባት ሀገሩን ሁሉ ሰጥቶ ባዶ እጁን ሲቀር ማየት ለልጅ እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ!) ተረቱን ብትረሱትስ? ልጆቹ ጫፉን ይዘው ይጨርሱላችኋል። የነሱ አያ ጅቦ ደግሞ ከኛው ይበልጥ አስቂኝ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስልክ ካልተናገርኩ ጽሑፉ ሐሰት ይሆናል። ቤት መዋል ማለት ዩቲዩብ ላይ መዋል ማለት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት ለሆኑ ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከ2 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ ጨርሶ ባይሰጥ እንደሚሻል መክሯል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በተለያየ እንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ ይላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ መንቀሳቀስ! ይህን ሲያነብ ልጁን ለመቆጣት ብድግ የሚል ወላጅ አይጠፋም፤ ግን መጀመሪያ በገዛ እጁ ላይ ያለውን ስልክ ቢያይ። ከልጁ ጎን ተቀምጦ ፌስቡክ የሚያገላብጥ አባት ቤት አለ አይባልም። አድራሻው ቤት ነው፣ እሱ ግን ሌላ ቦታ ነው።

«ጎበዝ፣ ይሄ ሁሉ ግቢ ላለው ነው» የምትሉኝ አላችሁ። እውነታችሁን ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ልጅ ሲሯሯጥ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰው ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። አከራይ ግቢ ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ ከመሳቁ በፊት የአከራይዋን መስኮት ያያል። ከዚህ የሚከብደውም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታ ማታ 2 ሰዓት የምትገባ እናት የክረምት ትምህርት የምትከፍለው ለእውቀት ብላ ብቻ አይደለም። የክረምት ትምህርት ቤቱ ሞግዚቷ ነው። ለሷ «ልጆችሽን ቤት አውያቸው» ማለት ስድብ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እሷን ለመውቀስ አይደለም።

የምጽፈው ምርጫ ላለን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ይህን ፈቃድ ምን ላይ እናውለዋለን? ለሠርግ፣ ለቤት እድሳት፣ ለፓስፖርት ሰልፍ። ከ16ቱ ውስጥ አምስቱን አንሱና ሐምሌ ወይም ነሐሴ ውስጥ አኑሩ። የትም አትሂዱ። ሀዋሳ አያስፈልግም፣ ላንጋኖም አያስፈልግም። አምስት ቀን ቤት ውስጥ፣ እቅድ ሳይኖር! ፈቃድ የሌለው ደግሞ ቅዳሜን ከሰዓት ይስጥ፣ ግን ሙሉውን ይስጥ። አባቶች ሆይ፣ «ሰፈር ወጣ ብዬ ልምጣ» የምትለው ነገር እዚህ ላይ ትሻራለች።

«ትምህርቱን ይረሳዋላ!» ለምትሉም መልስ አለኝ። በቀን ሩብ ሰዓት አንድ የተረት መጽሐፍ አብራችሁ አንብቡ፤ አንድ ቀን እሱ ያንብብ፣ አንድ ቀን እናንተ። በቆሎውን ገዝታችሁ ስትመጡ መልሱን እሱ ይቁጠር። ፊደል እንዳይረሳ ይህ ይረዳዋል። መጫወት የረሳን ልጅ ግን መስከረም ላይ የሚያስታውሰው መምህር አላየሁም። መጫወት ደግሞ ለጉብዝና የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ኢትዮጵያ ጭምር የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት ብሎ ነው የጻፈው። ፈረሙ የተባለው መንግሥት ነው፣ የሚፈጽመው ግን የሳሎን ጉዳይ ነው።

ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። የጋራ መገልገያ ቤት በየሳይቱ ተሠርቷል። አንዳንዱ ግሮሰሪ ሆኗል፣ አንዳንዱ መጋዘን ሆኗል፣ አንዳንዱ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። በክረምት፣ ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት፣ በቀን ሁለት ሰዓት ለልጆች ቢከፈት ምን ይጎድላል? ገመድ ይዘላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፣ ብይ ይመታሉ። ሁለት ወላጅ በተራ ቢጠብቅ በጀት አይጠይቅም። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬም ጣሪያውን መደብደቡን ይተዋል። ያቺ ማታ የምትገባ እናትም ቢያንስ ቅዳሜ ልጇን የምታጫውትበት ደረቅ ቦታ ታገኛለች።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይላሉ አባቶች። ነሐሴ 12 ማታ ችቦው በርቶ፣ ሙልሙሉ ታድሎ፣ የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው ከሄዱ በኋላ የዩኒፎርም መለካትና የደብተር መሸፈን ወሬ ይመጣል። የሚቀረው አንድ ትልቅ ቀን ነው። ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል። ያን ቀን ዝናብ ከጣለ የከተማችን ልጆች እየጮሁ ይወጡና ይታጠቡበታል፤ ሌላ ጊዜ «ብርድ ይመታሃል!» የምትል እናት እንኳ ያን ቀን ዝም ትላለች። ለዚያች ቀን ልጆቻችሁ ቤት ይሁኑ። ፎጣውን በር ላይ አንጠልጥሉት፣ ሻዩን ጣዱት፣ ከቻላችሁም እናንተም አብራችሁ ውጡ።

ቸር ክረምት!