አሥረኛው ቅጽ ላይ የቆመችው እናት

ዛሬ የምንመልሰው ደብዳቤ የመጣልን ከከፋ ዞን ነው። ጸሐፊዋ ቦንጋ ከተማ የምታስተምር የሁለት ልጆች እናት ስትሆን፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት ቅዳሜና እሑድ ወላጆቿን ለማገዝ ወደ ማንኪራ ትሄዳለች። ደብዳቤውንም የጻፈችልን እዚያው፣ ቀዩን ፍሬ አልጋ ላይ አስጥታ በምታገላብጥበት መሐል ነው።

የጠየቀችን ስለ ልጅ ሕመም ወይም ስለ ቤት ወጪ አይደለም። ሮበርት ጆርዳን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ የጀመረውን፣ በእኛ ቋንቋ «የዘመን መንኮራኩር» ልንለው የምንችለውን ባለ14 ቅጽ ምናባዊ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ማንበብ ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። መጻሕፍቱን ውጭ አገር ያለው ወንድሟ በየጊዜው ልኮላታል። ዘጠኙን በጉጉት ጨርሳ አሥረኛው ላይ ቆማለች። አንድ ምዕራፍ አንድ ሳምንት ይፈጅባታል፤ እንቅልፍም ይወስዳታል። ባለቤቷ ይህንን አይቶ «ከሰለቸሽ ተዪውና በጊዜ ተኚ» ይላታል። ክፋት የለበትም። እርሷን ያሳሰባት ግን ሌላ ነገር ነው። ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ያለችው ጊዜ ልጆች ተኝተው፣ ዕቃ ታጥቦ፣ የተማሪዎች ደብተር ታርሞ ካለቀ በኋላ ብቻዋን የምትቀመጥባት ናት። መጽሐፉ ከተተወ ሰዓቲቱም አብራ የምትሄድባት መስሏታል።

በመጀመሪያ እህታችን በእንግሊዝኛዋ አትፍረድ። አሥረኛው ቅጽ፣ «የድንግዝግዝ መስቀለኛ መንገድ» እንበለው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ሲታተም ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆኑትም አንባቢዎች አጉረምርመውበታል። ከዘጠነኛው በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ የጠበቁ ነበሩ። ዘጠነኛው ቅጽ የሚያልቀው በታላቅ ክንውን ነው፤ አንባቢ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ ይቸኩላል። ደራሲው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ያ ሁሉ ሲሆን ሌሎቹ ባለታሪኮች በየፊናቸው ምን ይሠሩ እንደ ነበር ከ600 በሚበልጥ ገጽ ይተርካል። ሲሮጡ የመጡ ሰው በር ላይ «ቆይ» ቢባሉ የሚሰማቸው ስሜት ነው። ዋናው ባለታሪክም ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ይሁንና «ምንም የማይሆንበት ቅጽ» የሚለውን ስም እኛ እንዳለ አንቀበለውም። ፔሪን የተባለው ባለታሪክ ሚስቱ ተማርካበት እየፈለጋት ነው፤ ተከታዮቹ ደግሞ ስንቅ አልቆባቸዋል። እህል ሊገዛ ሶ ሃቦር ወደምትባል ከተማ ይገባል። እህሉ ነቅዟል። በብርድ ሜዳ ላይ እየተነፈሰ ነቀዙ እስኪለይ ሰውየው ልቡ ሚስቱ ዘንድ ሆኖ ይቆማል። ሰይፍ የሚጠብቅ አንባቢ እዚህ ያዛጋል። ጎተራዋን ከፍታ ነቀዝ ያገኘች፣ ጧት ለልጆች የምታቀርበው እያሳሰባት ሰፌድ ይዛ የተቀመጠች ሴት ግን ምን እየሆነ እንደ ሆነ ታውቃለች። ጀግና ሁሉ የሚበላው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ልብ ወለድ ብዙ አይገኝም።

ለደራሲው ጥብቅና መቆማችን ግን እስከዚህ ብቻ ነው። የሻዩና የቀሚሱ ጥልፍ ዝርዝር በግማሽ ቢቀነስ የሚጎድል ነገር አልነበረም።

ስለ መጽሐፉ ካነሣን የደራሲውን ባለቤት ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ሃሪየት ማክዱጋል በሙያዋ አርታኢ ስትሆን የባሏን መጻሕፍት ያረመች እርሷ ናት። ጆርዳን ያረፈው እኛ 2000 ዓ.ም.ን በተቀበልን በአምስተኛው ቀን ነበር፤ 11 ቅጾች ወጥተው ፍጻሜው ገና ነበር። ባልቴቲቱ ኀዘን ላይ ሳለች ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ ወጣት ደራሲ ስለ ሟቹ የጻፈውን አነበበች፤ የእርሱንም ሥራ መረመረችና የባሏን ማስታወሻዎች ሰጠችው። አንድ ይሆናል የተባለው የመጨረሻ ቅጽ ሦስት ሆኖ፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ተፈጸመ። ዝግተኛውንም ፈጣኑንም ቅጽ ይዛ እስከ ዳር ያደረሰችው ሴት ናት።

እንግዲህ እህታችን ምን ታድርግ? የአሥረኛው ቅጽ ምዕራፎች በአብዛኛው በየባለታሪኩ ተሰብስበው የተቀመጡ ናቸው። ፔሪንን ከወደደች የፔሪንን ለይታ ታንብብ፤ የዙፋን ሽኩቻው ከሰለቻት ትለፈው፤ ፈተና የሚፈትናት የለም። ሌላው መንገድ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የወጣ፣ ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ ነው፤ ብቻቸውን ቢይዙት ረጃጅም ንግግሮቹ ላይ የሚያቆሙት ብዙዎች፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ቡናቸውን አፍልተው ጠብቀው አድምጠውታል። ድምፅ ዝግተኛውን ገጽ ይሸከመዋል። የ13 ዓመት ልጇ የመጀመሪያውን ቅጽ በራሷ ፈቃድ አንሥታ መጨረሷን እህታችን ጽፋልናለች፤ አድማጭ ከቤት አለላት ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑላትም መጽሐፉን ትዝጋው። ሰዓቲቱን ግን አትስጥ። እርሷን ከቤት ሥራ ነጥቃ ያወጣቻት ራሷ እንጂ ጆርዳን አይደለም፤ አጭር የአማርኛ መጽሐፍ ይዛ ብትቀመጥባትም፣ ባዶ እጇን ብትቀመጥባትም ያው የእርሷ ናት። ይህንን ለአባወራው በግልጽ ብትነግረው መልካም ነው። «በጊዜ ተኚ» ያለው ለእርሷ አዝኖ ከሆነ፣ የማታውን ዕቃ እርሱ ቢያጥብላት ከ3 ሰዓት በፊት ትቀመጣለች።

ፔሪን ሚስቱን ያግኛት አያግኛት እዚህ አንናገርም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አሥራ አንደኛው ቅጽ ፈጣን መሆኑን ብቻ እንጠቁማለን። ልጅቷ አሁን ሁለተኛውን ይዛለች፤ እናቷ ላይ ለመድረስ ስምንት ይቀራታል።