ገንዘቡ ገብቷል፤ ልጁስ?

ዕንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ጉብሬ ውስጥ ስልክ ፋታ የለውም። «ገባ?» «ገብቷል፣ ተባረክ!» በአንድ ደቂቃ ውስጥ የበሬው መዋጮ፣ የእናት ልብስ፣ የአባት ኪስ ሁሉም ተዳረሰ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከመርካቶ ወደ ጉራጌ ብር ማድረስ ይህን ያህል ቀሏል። ችግሩም የመጣው ከመቅለሉ ጋር ነው።

ድሮ የመስቀል ገንዘብ የሚደርሰው በልጁ ኪስ ነበር። ነጋዴው ሱቁን ቆልፎ፣ በአውቶቡስ ታጭቆ ወልቂጤ ይደርሳል፤ ከዚያ በጉብሬ በኩል ወደየቀዬው ይበታተናል። የሚመጣው ብሩን ለማድረስ ብቻ አልነበረም። ሌላ የማድረሻ መንገድ አለመኖሩ ግን ሰበብ አሳጥቶት ነበር። ከመጣ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ያያል። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው። የጓሮው እንሰት ሳስቷል። አባት ከበርጩማ ሲነሱ ግድግዳ መያዝ ጀምረዋል። ከወንድሙ ጋር በድንበር ተኳርፎ ከሆነም ሽማግሌ ፊት ሳይቀርብ አይመለስም፤ በመስቀል ተኳርፎ ክትፎ መብላት ነውር ነው።

በቪዲዮ ጥሪ ይህ ሁሉ የለም። ስልኩን የሚይዘው የጎረቤት ልጅ ነው፤ የሚያሳየው የእናትን ፊት ብቻ ነው። «እኔ ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁን» ይላሉ። የትኛዋ እናት ናት ለልጇ በስልክ ደህና አይደለሁም ያለችው? ልጅም አምኖ ይዘጋል። ማመኑ ስለሚመቸው።

ስልክን ጠላት ማድረግ ግን ግፍ ነው። ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ኢሞ የእናቷን ፊት የምታይበት ብቸኛው መስኮት ነው። እሷ መምጣት አትችልም። መምጣት ለማይችል ሰው ስልኩ ያቀርባል፤ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ላለ ሰው ግን ያው ስልክ ያርቃል፤ መቅረትን ሕመም የሌለው ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ ትራንስፖርቱ ተወዷል፣ መንገዱም ሁልጊዜ አያስተማምንም፣ ሱቅ መዝጋትም ኪሳራ አለው። ሆኖም ድሮም መንገዱ አስፋልት ብቻ አልነበረም።

አሜሪካዊቷ ምሁር ሼሪ ተርክል በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ያስጨነቃት አብረው እያሉ ብቻቸውን የሆኑ ሰዎች ጉዳይ ነበር። ይህ በጉብሬም አለ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው እዚሁ ነው፤ አንድ ዶርም ውስጥ ሁሉም በየጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ ተኝቶ ማየት ብርቅ አይደለም። ግን ተማሪው ነገ ተመርቆ ይሄዳል። የቀዬው ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሳይገናኙ አብረን ነን ማለት።

«ይዘጋና ይገላገሉት» የሚሉ አይጠፉም። ተሞክሯል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። ሰው ግን ወደ ዘመዱ ቤት አልሄደም፤ ወደ ቪፒኤን ሄደ።

መፍትሔ ካለ ያለው ቅርጫው ላይ ነው። የበሬውን መዋጮ የሚሰበስቡ የቤተሰብ ታላላቆች «ብርህ ይቆየን፤ አንተን አስቀድም» ማለት ይችላሉ። የሚደፍር አባት ግን ጥቂት ነው፤ ብሩ ያስፈልጋላ። ልጁም ይህን ያውቃል።

ቅቤ ደግሞ በቴሌብር አይላክም፣ በቴሌብርም አይበላም። እናት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ውጆ ገብተው ያጠራቀሙት ቅቤ ተነጥሮ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጧል። ክትፎው ለስንት ሰው እንደሚሠራ ግን ገና አላወቁም። ስልኩ ሲጮህ የሚሮጡት ለዚህ ነው፤ የጎረቤቱ ልጅ ቀድሞ አንብቦ «ገባ!» ይላቸዋል።

«ማን?» ይላሉ።