የክረምቱ በጎ ሥራ እስከ ቡና ለቀማ ይድረስ

ሰው ሰውነቱን ማበርታቱ ለራሱ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ጥቅሙ በአንድ ቤት ይቀራል፤ ጕልበቱን ለደካማ ወገኑ ባካፈለ ጊዜ ግን ጥቅሙ ለአገር ይተርፋል። ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ደቦና ወንፈል፣ ዕድርም ከዚሁ የወጡ ናቸው። በ1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ10 ሺህ ሯጮች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ሕዝብን በአንድነት እያሮጠ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል።

ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒም አካባቢ፣ ክረምት ሲገባ ተማሪው ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚታወጀውም በዚህ ወራት ነው። ማለዳ በኅብረት ስፖርት መሥራት፣ የአረጋውያንን ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል፣ ደም መስጠት ሁሉም የሚመሰገኑ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ግን ደም መስጠት የተለየ አሳብ ይሻልና ሹማምንትም ካህናትም ነገሩን አጥብቀው ሊመለከቱት ይገባል።

ወባ በኢትዮጵያ እጅግ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህም ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ወባን ያልለመደው የደጋ ሰው ለቀን ሥራ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ የቡና እርሻ የሚወርደው በዚያው ወራት ነው። ወባ ቀዩን የደም ሕዋስ ያጠፋልና፣ የጸናበት ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሌላ ሰው ደም የማይድኑበት ሰዓት አለ። የተለገሰ ደም ግን እንደ እህል በጎተራ አይከርምም፤ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ስፍራ ቢጠበቅ እንኳ ከ35 እስከ 42 ቀን ቢቆይ ነው። እንግዲህ በሐምሌ የተሰጠ ደም የሐምሌን በሽተኛ ያድናል እንጂ ለጥቅምቱ አይደርስለትም። በክረምት አንድ ቀን ብዙ ሰው ሰብስቦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ቍጥሩን በሪፖርት ጽፎ ዓመቱን ሙሉ ዝም ማለት ሥራውን ከመንገድ ላይ መተው ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደታቸውም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኞች፣ ወንዱ በየሦስት ወሩ ሴቷ በየአራት ወሩ ደም ለመስጠት ይችላሉ። በሐምሌ አጋማሽ የሰጡ ወንዶች በጥቅምት አጋማሽ፣ ሴቶቹም በኅዳር የነቢያት ጾም ሳይገባ እንደ ገና ይሰጣሉ ማለት ነው። ወባ ታሞ የነበረ ግን ባለሞያ ሳይፈቅድለት አይስጥ።

ቀኑንም በማስተዋል መቍረጥ ያስፈልጋል። ደም የሚሰጥ ሰው በልቶና ጠጥቶ መምጣት ስላለበት፣ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ከተፈታ በኋላ ጾመ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ያለው ቀን ይመረጥ። የሙስሊሙም ወገን የጾምና የጁምዓ ጊዜ እንዲሁ ይታሰብለት። የእሑድ ማለዳ ሩጫም ከቅዳሴ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ይሁን። ደም የሰጠ ሰው በዚያው ቀን በብርቱ መሮጥ አይገባውምና፣ የሩጫው ቀን ለመመዝገቢያ፣ ሌላው ቀን ለመስጫ ቢሆን ይሻላል።

ደሙ ከፈሰሰ ጕልበቱ ተመልሶ የማይመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ከጤነኛ ሰው የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ፈሳሹ በቀናት፣ ቀዩ ሕዋስም በሳምንታት ውስጥ ይተካል። ይህን ከሐኪም ይልቅ የንስሐ አባት ቢናገረው ሕዝቡ ፈጥኖ ይቀበለዋል።

ደጉ ሳምራዊ በቍስለኛው ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ ብቻ አልሄደም፤ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ገንዘብ ሰጥቶ፣ የጎደለውን በተመለሰ ጊዜ እንደሚከፍል ቃል ገባ እንጂ። ስለዚህ የሚዛንና የቴፒ ሹማምንት የሐምሌን ቀን ሲቈርጡ የጥቅምቱንና የኅዳሩን አብረው ይቍረጡ፤ ካህናቱም ቀኑ ሲደርስ ለምእመናን ያስታውሱ። ያን ጊዜ የክረምቱ በጎ ፈቃድ ለቡና ለቃሚውና ለሕፃኑ በጊዜው ይደርስለታል።