የፉርዬን ስሌት ለመሐንዲሶቻችን ስለ መግለጽ

በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ባሕረ ሐሳብ የተማረ ኹሉ እንደሚያውቀው፥ 7ቱ ዕለታትና 4ቱ ዘመነ ወንጌላውያን ተባዝተው የ28 ዓመት ዐውደ ፀሐይን ያስገኛሉ፤ ይህም በ19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴ ሲባዛ 532 ይኾናል፤ በ532 ዓመትም ፋሲካ ወደ ቀድሞ ተራው ይመለሳል። የተወሳሰበ የሚመስለው ነገር ከጥቂት ቀላል ዙረቶች የተገኘ ነው።

ከናፖሊዮን ጋራ ወደ ግብፅ የዘመተው ፈረንሳዊው ሊቅ ዮሴፍ ፉርዬ በ1822 (ዘመኑ ኹሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ስለ ሙቀት ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ሐሳብ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ይኸውም፥ እየተመላለሰ የሚደጋገም ንቅናቄ ልዩ ልዩ ፍጥነት ያላቸው የቀላል ሞገዶች ድምር ነው ማለት ነው። ነገር ግን የባሕረ ሐሳብ ዐውዶች የሚገናኙት በመግጠም፥ የፉርዬ ሞገዶች ግን በመደመር ስለ ኾነ፥ መምህሩ ምሳሌውን ሲያመጣ ልዩነቱን መደበቅ አይገባውም።

በ1954 በጤና ኮሌጅነት ተመሥርቶ ዛሬ የምሕንድስና ትምህርት ጭምር የሚሰጠው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፥ እንደ ሌሎቹ ኹሉ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ያልፍ ይኾናል። ዳሩ ግን በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ፋሲል ግቢን የመኪና መንገድ ንቅናቄ ይጎዳው እንደ ኾነ መርምር ቢባል፥ መሣሪያው የሚጽፍለትን የተምታታ መስመር ወደ ቀላል ሞገዶች ፈትቶ፥ ከነዚያ ውስጥ ግንቡን የሚያናጋው የትኛው እንደ ኾነ መፍረድ አለበት። በቃል ብቻ ያጠና ሰው ቁጥሩን ያወጣል እንጂ ፍርዱን አይሰጥም።

ከዚህ የሚከብደው አጠቃላይ ፈንክሽን የሚባለው ነው። ይህንንም ቢኾን መረዋ ያስረዳዋል። መምቻው መረዋውን የሚነካው ለቅጽበት ነው፤ የምቱ ኀይል ግን ልክ አለው። ልኩን ሳናጓድል ጊዜውን ወደ ኢምንት ብናሳንሰው፥ እንግሊዛዊው ዲራክ ዴልታ ያለውን እናገኛለን። ይህ ምት በፉርዬ መንገድ ሲፈታ ሞገዶችን ኹሉ በእኩል መጠን ይዞ ይገኛል፤ መረዋው ግን ከነዚያ የራሱን ድምፆች ብቻ መርጦ ያሰማል። የሒሳብ ሊቃውንት ነገሩ ከደንብ የወጣ ነው እያሉ ሲጠራጠሩ፥ ፈረንሳዊው ሎራን ሽዋርትዝ በ1940ዎቹ ጽኑ መሠረት አበጀለት፤ እንግሊዛዊው ላይትሂልም በ1958 መቶ ገጽ በማይሞላ መጽሐፍ ለተማሪዎች አቀረበው።

እንዲህ ያለ ትንሽ መጽሐፍ በአማርኛ እንዲጻፍ የትምህርት ባለሥልጣኖች ገንዘብና ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል። የዩኒቨርሲቲው መምህራንም ከባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጋራ ተቀምጠው ቃላቱን ይምረጡ፤ ዐውድ፥ ዙረትና ምት አስቀድሞ በእጃችን አሉ።