ሰንጢና ገላጋይ

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ወደ ቤተሰብ ስሄድ ለአባቴ ሰንጢ ገዝቼ ነበር። የድሮው ማሳ ላይ ጠፍቶባቸው «እጄን እንደተቆረጥኩ ነው» እያሉ በስልክ ሲያማርሩ ስለሰማሁ ነው። የገዛሁት ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ፣ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ ባትሪ፣ ጥፍር መቁረጫና የሞባይል ሽፋን ከሚሸጥ ልጅ ነው። 350 ብር። ልጁ ሲያሳየኝ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው፤ ስለቱ «ቀጭ!» ብሎ ተስፈንጥሮ ወጣ። ምን እዋሻችኋለሁ፣ የገዛሁት ለዚያች ድምፅ ብዬ ነው።

አባቴም እንደ ልጁ ነካ አደረጉት። ቀጭ! እናቴ ከጓዳ ብቅ አሉና፣ «ይሄማ የዱርዬ ነው፤ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። አባቴ ምንም አልተናገሩም። አጠፉት፣ ሳጥን ውስጥ ከተቱት፣ የበዓሉን ዳቦ በጓዳው ቢላዋ ቆረሱት።

እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ይሄ ርዕስ ለጋዜጠኝነት ተማሪ የማይመጥን የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ግን እስቲ በጎዛምን፣ በአማኑኤል፣ በሉማሜ መንገድ የሚያልፈውን ገበሬ ኪስ ፈትሹ። ዱላው በእጁ፣ ሰንጢው በኪሱ ነው። በሰንጢው የማዳበሪያ ከረጢት አፍ ይከፍታል፣ ገመድ ይበጥሳል፣ የባሕር ዛፍ ልጥ ይልጣል፣ አዲስ ዱላ ያስተካክላል፣ ማኅበር ላይ ሥጋውን ይቆርጣል። እኛ ተማሪዎችም ቤት ተከራይተን ስንኖር ሽንኩርቱም፣ ማንጎውም፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም በእሱው ነው። በየቀኑ የምንይዘውን ዕቃ እንዴት እንደምንመርጥ ብንነጋገር ምን ነውር አለው?

ባለ ሞላው ሰንጢ የሚሠራው እንዲህ ነው። እጀታው ላይ የሚጫን ቁልፍ የለውም። ስለቱ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ እሷን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉ መጀመሪያ ሞላው ይቃወማችኋል፣ እንዳይከፈት ይይዘዋል። ስለቱ ጥቂት ከወጣ በኋላ ግን ሞላው ወገን ይቀይርና ራሱ ገፍቶ ይጨርሰዋል። ይህን አሠራር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በሰፊው ያስለመደው ኬን ኦኒየን የተባለ የሃዋይ ቢላዋ ሠሪ ከከርሾው ኩባንያ ጋር ሆኖ ነው። አሜሪካ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ቁልፉ ሲጫን የሚፈነጠረውን ሰንጢ ከክልል ክልል እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። ይሄኛው ግን በእጅ ካልተገፋ ስለማይከፈት በ2009 (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ማሻሻያ ከክልከላው ወጥቷል። እንግሊዞች በበኩላቸው በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባለ ቁልፉን ከልክለዋል። እንግዲህ እናቴ ሕጉን ሳያነቡ «የዱርዬ ነው» ማለታቸው ብቻቸውን አይደሉም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሰፈራችን ሠርግ ነበር። ሌሊት ላይ፣ ጠላውም አረቄውም ከተደጋገመ በኋላ፣ ሁለት ጎረምሶች በማሳ ድንበር ነገር ተነካኩ። የቆየ ነገር ነው፣ በአባቶቻቸው የጀመረ። አንዱ እጁን ኪሱ ውስጥ ሰደደ። ያወጣው ያንን የድሮውን፣ ስለቱ ላይ ባለችው ጭረት ጥፍር አስገብተው የሚስቡትን ዓይነት ሰንጢ ነው። ሳበ፣ እምቢ አለው። የሸንኮራ ጭማቂ ይሁን ዝገት፣ ብቻ ተጣብቋል። እንደገና ሳበ፣ ጥፍሩ ሾለከ። ሦስተኛውን ሊሞክር ሲል አንድ አዛውንት አንጓውን ይዘውት «ተው ልጄ፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ!» እያሉት ነበር። ሌላውን ደግሞ ሴቶቹ ከዳሱ አስወጡት። በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሁለቱ ዛሬ ወንፈል ይገባባሉ፤ አንደኛው የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥቷል።

ይህን ታሪክ ባለ ሞላውን ሰንጢ ከሳጥን አውጥቼ እንደገና «ቀጭ» ሳደርገው ነው ያስታወስኩት። በሞባይሌ ሰዓት ለካሁት። ከኪስ ወጥቶ እስኪከፈት አንድ ሴኮንድ ያህል ነው። የጎረቤታችንን ባለ ጥፍር ሰንጢ ተውሼ ስሞክር አራት አምስት ሴኮንድ ወሰደብኝ፣ ያውም ሳልሰክርና ሳልናደድ። በመካከሉ ያለችው ሦስት አራት ሴኮንድ የገላጋይ ናት። እኛ አገር ጠብ ሲነሣ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት የሚደርሰው ገላጋይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተቀመጠበት መነሣት አለበት። ለመሥሪያ ብለን የምንገዛው ሰንጢ ያቺን ጊዜ ከገላጋይ ከቀማ፣ እኔ በበኩሌ ውድ ዕቃ ነው እላለሁ፣ በነፃም ቢሰጡኝ።

በሬ የያዘ ሰውስ? ዛፍ ላይ የወጣ ሰውስ? በአንድ እጁ ሰንጢ መክፈት አይፈልግም ወይ? የሚል ጓደኛ ገጥሞኛል። እውነቱን ነው። ግን ለዚያ ሞላ አያስፈልግም። ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ ያለው ሰንጢ ያወጣል፤ ያለ ሞላ፣ በገዛ ጣት ኃይል፣ በአንድ እጅ ይከፈታል። ገበያችን ላይም ቀዳዳ ወይም ጉብታ ብቻ ያላቸው ርካሾች አይጠፉም። ለሻጩ «ሞላ የሌለውን አሳየኝ» ማለት ነው።

ለመሆኑ በትንሽ ብር ሁለት ነገር አይገዛም። ፋብሪካው ለሞላው ያወጣውን ወጪ ከአረብ ብረቱና ከመቆለፊያው ላይ ቀንሶ ነው የሚያካክሰው። የዶርም ጓደኛዬ ጣት ምስክር ነው። ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ሰንጢ ገዝቶ ገመድ ሲቆርጥ፣ ከውስጥ ስለቱን ደግፎ የሚይዘው ቀጭን ብረት ከዳውና ስለቱ በሌባ ጣቱ ላይ ታጠፈ። አራት ስፌት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ክፈቱትና የስለቱን ጀርባ ጣታችሁን ከመንገዱ አርቃችሁ እንጨት ላይ ጫን አድርጉት፤ ከተንሸራተተ መልሱለት። ወደ ጎን ወዝወዝ አድርጉት። ሲታጠፍ ጫፉ ከእጀታው ብቅ የሚል ከሆነም ተዉት፣ ኪስም ጭንም ይበሳል።

ስለ ብረቱ፦ «ስቴንለስ» የሚለው ጽሑፍ አይዛግም ማለት እንጂ ይስላል ማለት አይደለም። የቻይናዎቹ ስለት ላይ አንዳንዴ «3ሲአር13» ወይም «8ሲአር13» የሚል ይታተማል። 13ቱ የክሮሚየሙ መቶኛ ነው፣ ዝገት የሚከላከለው። የፊተኛው ቁጥር ካርቦኑን ያመለክታል፤ 3 ሲሆን 0.3 በመቶ ገደማ፣ 8 ሲሆን 0.8 በመቶ ገደማ። ካርቦን ያነሰው ቶሎ ይዶለዱማል። ጽሑፉ ሁልጊዜ አይታመንም እንጂ ምርጫ ካላችሁ 8ቱን ውሰዱ።

በፎቶ ብቻ አይቼ የተመኘሁት ደግሞ የፈረንሳዮቹ ኦፒኔል ነው። ከ1890 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ፣ እጀታው እንጨት፣ በጥፍር ተስቦ የሚከፈት፣ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አንገቱ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ተጨምሮለት ሲዞር የሚቆለፍ። የገበሬ ሰንጢ ነው፣ እዚያም ርካሽ ነው። ዝግ ያለ ነው፣ ጣት አይከዳም። እንዲህ ያለውን የእኛ ባለእጆች ለምን አይሠሩትም? ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚቀጠቅጡት ቢላዋ ስለቱ ከገበያው ሰንጢ ሁሉ ይበልጣል፤ የእናቴ የጓዳ ቢላዋ ምስክር ነው። ምኒልክ ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ዛሬም ግን ማረሻና ማጭዱን ገዝተን ሠሪውን «ቡዳ» የምንል አለን፤ ልጁም ሙያውን ትቶ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።

አንድ ነገር ልርሳ እንዴ? ግቢ ውስጥ ለምናድር ተማሪዎች ይሄ ሁሉ አይመለከትም። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ስለት ይዞ መግባት አይቻልም፤ ትክክልም ይመስለኛል። ሽንኩርት የሚከትፈው ውጭ የተከራየው ነው።

ለአባቴ በኋላ የእንጨት እጀታ ያለው፣ በጥፍር የሚከፈት ሰንጢ አግኝቼ ላክሁላቸው፤ 200 ብር። «ስለቱ ዱልዱም ነበር፣ ሞረድ አሳየሁት» ብለው ደወሉ። ባለ ሞላውን መልሼ ወሰድኩና አንድ ማታ ብሎኖቹን ፈትቼ ሞላውን አወጣሁት፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። ለካ ተዘግቶ እንዲቆይ የሚይዘውም ያው ሞላ ኖሯል። ኪሴ ውስጥ ራሱ ተከፍቶ ሱሪዬን ቀደደው። አሁን አከራዬ እትዬ ወስደውት፣ ስለቱ እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ ጠምጥመው ጎመን ይከትፉበታል።